ያልተከፈተ ካርድ

ጁሙር ጠዋት ጥርሷን ስትቦርሽ አባቷ በረንዳው ላይ ቆመው በስልክ ሲያወሩ ሰማች። «ኧረ ምኑም አልተነካም፤ እንዳለ ነው። ፕላስቲኩ እንኳን አልተነሳም፤ መጥታችሁ በዓይናችሁ ታዩት የለም እንዴ» ይላሉ። አባቷ ሞታሌብ ሳሄብ ጆሯቸው ስለደከመ ሌላውም ሰው የማይሰማ ይመስላቸዋል፤ በስልክ የሚያወሩትን ደረጃው ላይ የሚያልፍ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ጁሙር አፏን ተጉመጠመጠችና ለብቻዋ ፈገግ አለች። በዚህ ቤት ያልተነካ እቃ ሞልቷል። ሶፋው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ላስቲኩን እንደለበሰ ነው፤ በሙቀት ወራት የተቀመጠበት ሰው ሲነሳ ቆዳው አብሮ የሚላጥ ይመስለዋል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በከረጢት ተጠቅልሎ በላስቲክ ታስሯል። ፍሪጁ በሩ ላይ ፋብሪካ የለጠፈበትን ወረቀት ይዞ አርጅቷል። ማሾፌ አይደለም፤ የእኔም ቤት ከዚህ አይሻልም። እኛ ሚርፑር ሰፈር ውስጥ ሰው እቃ የሚገዛው ሊገለገልበት ሳይሆን አዲስ እንደሆነ ለማቆየት ነው፤ ለማን እንደሚያቆየው ግን ቢጠየቅ ቶሎ አይመልስም።

የዛሬው ቀን ለጁሙር ሁለት ጉዳይ ይዞባታል። አንደኛው አባቷ ከሳምንት በፊት የነገሯት ነው፤ ከመግሪብ፣ ከፀሐይ መጥለቂያው ሶላት በኋላ፣ ከኮሚላ ከተማ እንግዶች ይመጣሉ። እንግዶች ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሠላሳ ሦስት ዓመት ለሞላት ሴት ማስረዳት አያስፈልግም። ለጋብቻ ሊያዩዋት ነው። ከዚህ በፊትም ብዙ ታይታለች፤ አረንጓዴዋን ሳሪ ለብሳ ሻይ ቀድታለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ዕድሜዋን ተጠይቃለች፣ ሰዎቹም ሰሜያቸውን፣ በወተት የተቀቀለውን ጣፋጭ፣ በልተው እናሳውቃለን ብለው ሄደዋል። ሳሪዋ ከትናንት ጀምሮ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። ሁለተኛው ጉዳይ ግን የራሷ ነው። ጁሙር የሠርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። የምትሠራላቸው ሉብና አፓ የሚባሉት የስቱዲዮ ባለቤት የብርዱ ወራት የሠርግ ወቅት ሊገባ ሲል አዲስ ፕሮግራም አስመጥተው፣ ከእንግዲህ በዚህ ያልሠራ አብሮኝ አይሠራም ብለዋል። ለሙከራ የአንድ ሠርግ ቅጂ ልከውላታል። ከእሱ አጭር ፊልም ሠርታ ዛሬ መግሪብ አዛን ሳይል ካደረሰች የወቅቱ ሥራ በሙሉ የእሷ ነው፤ ካላደረሰች ኡታራ ለሚኖረው ለአንድ ፈጣን ልጅ ይሰጣል። ሉብና አፓ ሲናገሩ ጨካኝ አይደሉም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እጅሽ ወርቅ ነው፤ ግን ቀርፋፋ ነሽ፣ እህቴ። ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው ነው ፊልማቸው የሚደርሳቸው» አሏት። ጁሙር ይህን ከሰማች ወዲህ ቀርፋፋ የሚለውን ቃል ሩዝ ስታጥብም ትሰማዋለች።

ቀርፋፋ የሆነው በእርግጥ ኮምፒዩተሩ ነው። ኮምፒዩተሩን በገዛ ደመወዟ ነው የገዛችው፤ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ግን አንድ ቀን አባቷ ከሪክሻ ሲወርዱ ትልቅ ካርቶን በደረታቸው አቅፈው ነበር። የግራፊክስ ካርድ ነው፤ የኮምፒዩተርን ምስል የሚያፈጥነው፣ ውድ የሚባለው ዓይነት፣ ከጡረታ ገንዘባቸው ተቀንሶ የተገዛ። ቴክኒሻን አስመጥተው አስገጠሙት። ሞታሌብ ሳሄብ የልጃቸውን ሥራ «ያ የሰው ሠርግ ማየትሽ» ከማለት በቀር ስም ሰጥተውት የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ ጁሙር የዚያን ቀን ኩሽና ገብታ አለቀሰች። ለሉብና አፓ ነገረች፣ ለአክስቷ ደውላ ነገረች፣ እታች ላለው የመድኃኒት ቤት ሰውዬ ሳይቀር አባቴ ካርድ ገዛልኝ ብላ ነገረች። ካርዱ ከገባ በኋላ ሥራው ሲፈጥን ባታይም፣ የማላውቀው ነገር ይኖራል ብላ ጥፋቱን ራሷ ላይ አደረገች።

አዲሱን ፕሮግራም ከፍታ የሠርጉን ቅጂ ስታስገባ ምስሉ እየተንገጫገጨ ቆመ። ሙሽራዋ አንድ እግሯን ወደ መድረኩ ካነሳች በኋላ ሁለተኛውን እስክታነሳ ሻይ ይጠጣል። ጁሙር ሴቲንጉን ከፈተችና የካርዱን ሙሉ ጉልበት ተጠቀም የሚለውን መስመር አገኘችው፤ ፊደሉ ግራጫ ሆኗል፣ ብትጫነው አይጫንም። ኮምፒዩተሩን አጥፍታ አበራችው። ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አወረደችና እንደገና ጫነችው። ኢንተርኔት ላይ እንደሷ የቸገራቸው ሰዎች የጻፉትን አነበበች፤ አንዱ የኤሌክትሪኩን ሴቲንግ ቀይሩ ይላል፣ አንዱ ሁሉንም አጥፍታችሁ ከመጀመሪያ ጫኑ ይላል፣ አንዱ ደግሞ እኔም እንደናንተ ነኝ ብቻ ብሎ ሄዷል። የተባለችውን ሁሉ አደረገች። በመጨረሻ የካርዱን የራሱን መቆጣጠሪያ ስትከፍት አንድ መልእክት ወጣ፦ ከዚህ ካርድ ጋር የተገናኘ ስክሪን የለም። ጁሙር መልእክቱን ያነበበችው ስክሪኑ ላይ ነው። «ታዲያ ይሄ ምንድነው?» አለችው ኮምፒዩተሩን፣ እንደ ሰው።

ኮምፒዩተሩን ተሸክማ ገበያ ልትወስደው ፈልጋ ነበር። አባቷ ግን ዛሬ ከዚህ ቤት አይወጣም፣ አቧራው፣ የሪክሻው መንገጫገጭ አሉና በሩ ላይ ቆሙ። ስለ እቃ መጠንቀቃቸው የተለመደ ስለሆነ አልተከራከረቻቸውም። የስክሪኑን መልእክት በስልኳ ፎቶ አንስታ ሜትሮ ባቡር ተሳፈረች፤ ሻህባግ ወርዳ ቀሪውን በሪክሻ ወደ ኤሌፋንት ሮድ ሄደች። የኮምፒዩተር ገበያው ፎቅ ውስጥ የመጀመሪያው ሱቅ ሻጭ ፎቶውን ግማሽ ዓይን አይቶ ካርዱ ሞቷል፣ አዲስ ውሰጂ፣ ዋጋው ነገ ይጨምራል አላት። ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ያለው ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጣት። ቀጥሎ ግን ኮምፒዩተሩ የባለቤትሽ ነው ብሎ ጠየቃት። ባል የለኝም አለች። እንግዲያው የወንድምሽ ነው፣ እሱን ላኪልን፣ ለሱ እናስረዳዋለን አላት። የእኔ ነው አለችው። ሰውዬው ይህን መልስ የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ እንዳጣ ሁሉ ዙሪያውን አየና ሌላ ገዢ ማናገር ጀመረ።

ደረጃው መታጠፊያ ላይ አሮጌ እቃ ዘርግቶ የሚሸጥ ሞኒር የሚባል ሰው አለ። ጁሙር ከተማሪነቷ ጀምሮ ኬብል የምትገዛው ከእሱ ነው፤ ባያ ትለዋለች፣ ወንድሜ እንደማለት። የአሥር ታካ ሺንጋራ፣ ሳምቡሳ የመሰለውን፣ በጋዜጣ ላይ አድርጎ እየበላ ነበርና አንዱን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየው። አዲስ ካርድ ግዢ አላላትም፤ ያ ብቻውን እዚያ ፎቅ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው።

«የስክሪኑ ኬብል የተሰካው የቱ ላይ ነው? ላይኛው ቀዳዳ ነው ታችኛው?»

«አላውቅም፣ ሞኒር ባያ።»

«እንዴት አታውቂም? ውለሽ የምታድሪበት አይደለም እንዴ?»

«አባቴ ነው የሰካው። ጀርባውን አይቼው አላውቅም።»

ሞኒር ሊስቅ ፈልጎ ፊቷን ሲያይ ተወው። ኮምፒዩተሩ የራሱ የስክሪን ቀዳዳ አለው፣ ካርዱም የራሱ አለው አላት። ከኮምፒዩተሩ ቀዳዳ ከተሰካ ምስል ይመጣል፣ ማንም ምንም አይጠረጥርም፣ ካርዱ ግን እንደ ሠርግ ተጋባዥ ለብሶ ቁጭ ነው። ሂጂና ጀርባውን እይው አላት፤ የሺንጋራውንም ሒሳብ አልቀበልም አለ።

በሜትሮው ስትመለስ ቆማ ነበር የሄደችው። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ልትደሰት ይገባት ነበር፤ እሷ ግን አፈረች። በየቀኑ ከፊቱ ተቀምጣ እንጀራዋን የምታገኝበትን ነገር ጀርባውን አታውቀውም። ኮምፒዩተሩ ጠረጴዛው ሥር ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይኖራል፤ ዓርብ ዓርብ አባቷ አውጥተው በደረቅ ጨርቅ ይወለውሉታል፣ መልሰው ያስገቡታል፣ አንቺ አትንኪው ይላሉ። ይህን ሁሉ ጊዜ እንደ ፍቅር ነበር የቆጠረችው። ሜትሮው ውስጥ ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምን አትንኪው ይሉኛል ብላ አሰበች።

ቤት ስትደርስ ሞታሌብ ሳሄብ የከሰዓቱን የአስር ሶላት ሊሰግዱ መስጊድ ሄደዋል። ኩሽና ውስጥ የተጠበሰ ዓሣ ተከድኖ ተቀምጧል፤ ለእንግዶች ነው። ጁሙር ምሳ ሳትበላ ጠረጴዛው ሥር ገባች፣ ሳጥኑን ጎተተች፣ ኮምፒዩተሩን አዙራ የስልኳን መብራት አበራችበት። የስክሪኑ ኬብል እውነትም ላይኛው ቀዳዳ ላይ ነው። ከሥሩ ካርዱ አለ። የካርዱ ቀዳዳዎች ግን ቀዳዳ አይመስሉም፤ እያንዳንዳቸው ፋብሪካው የሰጣቸውን ጥቁር የላስቲክ ክዳን እንደደፉ ናቸው። የካርዱ ጠርዝ ላይ የነበረችው ስስ ፕላስቲክም አልተላጠችም፤ አንድ ጫፏ ተነስታ በማጣበቂያ ተመልሳ ተለጥፋለች። አቧራ የሚባል የለም። ጁሙር መሬት ላይ እንደተቀመጠች ሳቀች። አባቷ፣ እሷ አብቡ የምትላቸው፣ እንደ ሪሞቱ፣ እንደ ሶፋው አድርገውታል፤ ክዳኑን ማንሳት ስላልወደዱ ክዳን የሌለውን ቀዳዳ ፈልገው ሰክተውታል፣ ምስሉም መጥቷል። ይህን ለሞኒር ስነግረው ከደረጃው ይወድቃል ብላ እያሰበች ጥፍሯን ወደ መጀመሪያው ክዳን አስጠጋች።

«ተይው፣ እናቴ። እሱ አይነሳም።»

አባቷ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ነጭ ቆባቸውን አላወለቁም።

«አብቡ፣ ስክሪኑ ከካርዱ ጋር አልተገናኘም። ካርዱ እስከዛሬ አንድ ቀን እንኳን አልሠራም።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የሰካሁት።»

ጁሙር ሳቋ ፊቷ ላይ እንደቀረ ቀና ብላ አየቻቸው። ሞታሌብ ሳሄብ ገብተው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እዚያ ተቀምጠው አያውቁም። ቀስ እያሉ ነገሯት። የኮሚላዎቹ ነገር ዛሬ የጀመረ አይደለም፤ ዝናቡ ሳይገባ ነው የጀመረው። ሰዎቹ ከሴቷ ቤት ይህን እቃ ስጡን ብለው አልጠየቁም፤ አሁን ማን ይጠይቃል፣ ሕጉም አይፈቅድም። አባት ለልጁ ከልቡ የሚሰጠውን እኛ ምን አገባን ነው ያሉት። ሙሽራ የሚሆነው ልጅ ግን የመንግሥት ሥራ አለው፣ ከሥራ ሲመለስ ኮምፒዩተር ላይ መጫወት ይወዳል፣ የቸገረው ጥሩ ካርድ ብቻ ነው ብለው በጨዋታ መሀል አነሱ። እሳቸውም ልጄ ኮምፒዩተር አላት፣ ካርዱን እኔ እጨምርበታለሁ፣ አብሮ ይሄዳል ብለው ቃል ሰጡ። ካርዱ በካርቶን ቢቀመጥ እርጥበቱ ያበላሸዋል፣ ከኮምፒዩተሩ ውስጥ የተሻለ ቦታ የለም ያላቸው ቴክኒሻኑ ነው። ክዳኑ እስካልተነሳ ግን አዲስ ነው። ክዳኑ የተነሳለት ካርድ ገበያ ላይ ግማሽ ዋጋ አያወጣም፤ ጠይቀዋል። ዛሬ ማታ የልጁ አጎት መጥቶ ያየዋል።

«እኔን ሊያዩ ነው የሚመጡት ያሉኝ» አለች ጁሙር።

«አንቺንም ያያሉ።»

አስፋልቱ ላይ የአትክልት ሻጭ እየጮኸ አለፈ። ጁሙር የተሰማት መጀመሪያ ቁጣ አልነበረም፤ እፍረት ነበር። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ትዝ አላት። ኩሽና ውስጥ ያለቀሰችው ለቅሶ ትዝ አላት፤ መልሳ ልትውጠው ፈለገች።

«ለእኔ የገዙልኝ መስሎኝ ነበር፣ አብቡ። ላገኘሁት ሰው ሁሉ አባቴ ለሥራዬ ብሎ ገዛልኝ ብያለሁ።»

«ላንቺ ነው እንጂ ታዲያ ለማን ነው?» አሉ ሞታሌብ ሳሄብ፣ እውነትም ገርሟቸው። «ባልሽ ደስ ሲለው ላንቺ አይደለም? እኔ ነገ ዓይኔን ብከድን በዚህ ቤት ማን አለሽ? የሚጠይቅሽ ሰው ሲገኝ እቃ ይከለከላል? ካርዱ ምንድነው? ብረት ነው።»

ክፋት እንደሌለባቸው ታውቃለች፤ የከፋት ይህ ነው። ክፉ አባት ቢሆኑ ይቀላት ነበር። እሳቸው ግን ሌት እያሰቡ፣ ጫማቸውን ሳይለውጡ፣ ከጡረታቸው ቀንሰው ሊያኖሯት የገዙት ነገር ከምትኖርበት ሥራ ሊያስወጣት ነው። የግድግዳውን ሰዓት አየች። መግሪብ ሩቅ አይደለም። እጇን ከክዳኑ ላይ ሳታነሳ ተናገረች።

«እዚህ የተላከልኝ ፊልም መግሪብ ሳይደርስ ካልተላከ ሥራዬ ያልቃል። ይሄ ክዳን ካልተነሳ ደግሞ አይደርስም። ቀርፋፋ ነሽ ሲሉኝ ራሴን ስረግም የከረምኩት እርስዎ ካርዱን ለሰው ስላስቀመጡት ነው። ቃል የሰጡት እርስዎ ነዎት፣ አብቡ። እኔ ለማንም ቃል አልሰጠሁም።»

አነሳችው። ክዳኑ ትንሽ ድምፅ ብቻ ነው ያሰማው። ሞታሌብ ሳሄብ ግን ጥርሳቸው የተነቀለ ያህል ፊታቸውን አጨማደዱ። ሁለተኛውንም አነሳች፣ ሦስተኛውንም፤ የሚያስፈልጋት አንዱ ብቻ ቢሆንም። አባቷ ተነስተው ወጡ። የበረንዳው ወንበር ሲንቋቋ ሰማች።

ኬብሉን ከላይ ነቅላ ከሥር ሰካችው። ስክሪኑ ጠቆረ። ጠቁሮ በቆየባት ጊዜ ውስጥ ካርዱ በመቀመጥ ብዛት ተበላሽቶ ይሆን ብላ ኬብሉን ደግማ ገፋችው። ከዚያ ብርሃኑ መጣ፣ ከቀድሞው ይልቅ የጠራ። ሴቲንጉን ከፈተች። ግራጫ የነበረው መስመር ነጭ ሆኗል፤ ስትጫነው እሺ አለ። ሙሽራዋ ወደ መድረኩ ሁለተኛ እግሯን አነሳችና ሄደች፤ ጨርቋ ሲወዛወዝ፣ ታናሽ እህቷ ከኋላ ስታነሳላት፣ ሁሉም ሳይንገጫገጭ እየፈሰሰ። ጁሙር አፏን በእጇ ያዘች። እጇ ቀርፋፋ እንዳልነበረ አሁን በዓይኗ አየችው። ደስ አላት፤ ደስታው ውስጥ ግን ንዴት ነበረበት፤ የትኛው እንደሚበልጥ ለማመዛዘን ጊዜ አልነበራትም። ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ መቁረጥ ጀመረች።

እንዲህ ሠርታ አታውቅም። ያሰበችውን ወዲያው ታየዋለች፤ ካልወደደችው ትተወዋለች፣ እንደገና ትሞክራለች። ዱሮ አንዱን ሙከራ ለማየት ስለምትጠብቅ መጀመሪያ የመጣውን ይበቃል ትለው ነበር። ከቅጂው መሀል የሙሽራዋ አባት ከመድረኩ ጀርባ ቆመው ከአማቾቻቸው አንዱን ሲያነጋግሩ ካሜራው ሳይታሰብ ይዟቸዋል፤ ሞተር ሳይክሉ እስከ ሐሙስ ይደርሳል፣ በልጄ ይሁንብኝ እያሉ ይማጸናሉ። እንዲህ ያለው በየሠርጉ ቅጂ ውስጥ አይጠፋም፤ እሷም በየጊዜው እየቆረጠች ታወጣዋለች፣ የምትከፈለውም ለዚያ ነው። ዛሬ ግን ሰውዬውን ከመቁረጧ በፊት ትንሽ አየቻቸው። ያረጀ ኮታቸው ላይ አዲስ የደረት አበባ ሰክተዋል። ቆረጠቻቸውና ሥራዋን ቀጠለች።

የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ኮሽ ኮሽ ሲል ፊልሙን ላከችው። አዛኑ አልቆ ሰዎች ሰግደው ከመውጣታቸው ሉብና አፓ የድምፅ መልእክት ላኩ። መጀመሪያ ይሄን የሠራሽው አንቺ ነሽ ወይ አሉ፣ ቀጥለውም የዓርቡን ሠርግ ልኬልሻለሁ፣ ዛሬውኑ ጀምሪው፣ የወቅቱን ነገር ቅዳሜ እንፈራረማለን አሉ። የኡታራውን ልጅ ስም አላነሱም። ጁሙር መልእክቱን ደግማ ሰማችው። ከዚያ የዓርቡን ሠርግ ከፈተችው፤ ሳሪውን አልለበሰችም፣ ፀጉሯንም አልነካችውም።

ከኮሚላ የመጡት ሁለት ናቸው፤ የልጁ አጎት ኦባይዱል ሳሄብና የልጁ ታላቅ እህት። የሶፋው ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ፣ ሳህን ሲቀርብ፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ሲወራ ጁሙር ከክፍሏ ሆና ሰማች። ጥቂት ቆይቶ አባቷ እንግዶቹን አስከትለው ወደ ክፍሏ መጡ። እህትየዋ ከራስ ፀጉሯ እስከ ቤት ጫማዋ አየቻትና የሥራ ልብሷ ላይ ዓይኗን አሳረፈች። ኦባይዱል ሳሄብ ግን ለእሷ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው በቀጥታ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አሉ፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጉልበታቸው ተንቋቋ። የስልካቸውን መብራት አብርተው ቆዩ።

«ተከፍቷል እኮ፣ ሞታሌብ ሳሄብ።»

«አዎ» አሉ አባቷ። «ዛሬ ተከፈተ።»

«ግዴለም፣ ግዴለም» አሉ ኦባይዱል ሳሄብ ጎናቸውን ይዘው እየተነሱ። ፊታቸው ላይ ቅያሜ አልነበረም፤ ነጋዴ ዋጋ ሲያሻሽል የሚያሳየው ትዕግሥት ነበር። ቢሆንም ልጁ ያገለገለ እቃ አይወድም አሉ። ደግሞ ከዚህ የሚሻል አዲስ ወጥቷል አሉ፤ ልጁ በስልክ ልኮላቸዋል፣ ስሙን አንብበው አሳዩ። ይሄኛውን ሸጠው ትንሽ ቢጨምሩበት ያገኙታል አሉ። እህትየዋ ክዳኑን ሳያነሱ ቢቆዩ ምናለበት አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ሞታሌብ ሳሄብ የተዘረጋላቸውን ስልክ አላዩትም። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነበር። እዚያ አንድ የማያውቋት ሙሽራ በአበባ ሥር ቆማ ነበር፤ ጁሙር ስታቆማት እጇን እንዳነሳች ቀርታለች። የሰው ሠርግ ነው፣ ልጃቸው የምታየው ያ የሰው ሠርግ። እንግዶቹ ዛሬ እዚህ ቤት ከገቡ ጀምሮ ጁሙርን ምን እንደምትሠራ፣ ደህና መሆኗን፣ በልታ መሆኑን አንድ ጊዜ እንኳን አልጠየቁም። ይህን እሳቸው ልብ ይበሉት አይበሉት ጁሙር አላወቀችም። ፊታቸውን ግን አየች፤ የሚያዝንም የሚቆጣም አይመስልም፣ የጠፋበትን ነገር የሚፈልግ ይመስላል። ከዚያ እንግዶቹ ባሉበት፣ ስልኩ እንደተዘረጋ፣ ወደ እሷ ዞሩ። በዚህ ጉዳይ ጠይቀዋት አያውቁም ነበር።

«ጁሙር፣ ምን ትያለሽ?»

ብዙ የምትለው ነበራት። ቀኑን ሙሉ ሲጠራቀም የዋለ ነበር፤ የሱቁ ሰውዬ፣ ያለቀሰችው ለቅሶ፣ ሞተር ሳይክል የሚለምኑት የሙሽራ አባት። የአባቷን ፊት ስታይ ግን የቀራት አጭር ነገር ብቻ ሆነ።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ አብቡ።»

ሞታሌብ ሳሄብ ቃሉን እንደገና ሊሰሙት እንደፈለጉ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ። ከዚያ ወደ ኦባይዱል ሳሄብ ዞሩ፤ በሕይወታቸው ሁሉ ጮክ ብለው ሲያወሩ የኖሩት ሰውዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሹክሹክታ ተናገሩ።

«ሰምታችኋል፤ ልጄ ሥራ ላይ ናት። ኑ፣ ወደዚያ እንውጣና ድምፃችንን ዝቅ እናድርግላት።»

እንግዶቹን በእጃቸው እያመላከቱ አስወጧቸው። እሳቸው በመጨረሻ ወጡ፣ በሩንም እንዳይጮህ በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ አድርገው ዘጉት።